ስሙ ያልተጠራ ሆስፒታል፦ የሐኪሞች የጄ-1 ቪዛ ደብዳቤ ሲመረመር

ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጄ-1 ቪዛ ወደ አሜሪካ ሄዶ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመከታተል ከሚያቀርባቸው ሰነዶች አንዱ የአገሩ ጤና ሚኒስቴር የሚጽፍለት ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ቃል ለጸሐፊው የተተወ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ራሱ ወስኖታል። በይዘቱም ሁለት ነገር ብቻ ይላል። አንደኛ፣ ሐኪሙ በሚሠለጥንበት ዘርፍ አገሪቱ ባለሙያ ያስፈልጋታል፤ ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ሥልጠናውን ሲፈጽም ተመልሶ በዚያው ሙያ ሊያገለግል ለመንግሥቱ በጽሑፍ አረጋግጧል። በየትኛው ሆስፒታል እንደሚመደብ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀበለው አያወሳም። እንደ ተራ ወረቀት የሚታየው ይህ ሰነድ የሐኪሙም የበሽተኛውም ዕድል የተንጠለጠለበት በመሆኑ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል።

ከደብዳቤው በፊት ያለው መንገድ ራሱ ረጅም ነው። ከ2004 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የክሊኒክ ክህሎት ፈተናው በአሜሪካ አምስት ከተሞች ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ተፈታኙ ለአንድ ቀን ፈተና ሲል የጎብኚ ቪዛ ደጅ ይጠና ነበር። ፈተናው በኮቪድ-19 ምክንያት ተቋርጦ በ2021 እ.ኤ.አ. ጨርሶ በመቅረቱ ሸክሙ ቀለለ እንጂ አልጠፋም። ብዙ የማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የአሜሪካን የሕክምና አሠራር በቅርብ ያየ አመልካች ስለሚመርጡ፣ ሐኪሙ አሁንም በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማየት እንጂ ማከም፣ ደመወዝም መቀበል አይፈቀድለትም። የብሪታንያ ደንብ በአንጻሩ ይህን የዝግጅት ጊዜ በስሙ ጠርቶ ይደነግጋል። ለፕላብ ፈተና የሚሄድ ሐኪም እስከ ስድስት ወር በጎብኚነት ሊቆይ፣ ካለፈ በኋላም ደመወዝ ለሌለው የክሊኒክ ልምምድ ቆይታውን በጠቅላላው እስከ 18 ወር ለማራዘም ሊያመለክት ይችላል። ደንቡ ግልጽ ሲሆን ሐኪሙ ጊዜውንና ወጪውን አስቀድሞ ያሰላል።

ሥልጠናውን ያገኘ ሐኪም በጄ-1 ፈቃድ በየዓመቱ እያሳደሰ፣ እንደ ሙያው ርዝመት፣ በአብዛኛው እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ከዚያም የሥራ ቪዛ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ሁለት ዓመት በአገሩ እንዲኖር ይገደዳል። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የአገሩን ደብዳቤ ያስፈለገውም ሥልጠናው ለላኪው አገር እንዲጠቅም በማሰብ ነው። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ቪዛው ራሱ ሐኪሙን ከአገሩ የሚያርቅበት ጊዜ አለ። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲያገለግሉ መወሰኑ ይፋ ሲደረግ፣ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም የወላጁን ቀብር ለመድረስ ቢመጣ አዲስ ቪዛ ሳያገኝ ወደ ሥልጠናው መመለስ የማይችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ ባለበት፣ መጥቶ ለመሄድ የሚፈራ ሐኪም ተገኘ ማለት ነው።

ዋናው ጉድለት ግን ከመውጫው በር ላይ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ መጀመሪያ በዓመት 20፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 30 ሐኪሞች ከሁለቱ ዓመት ግዴታ ነፃ እንዲሆኑ ሊጠይቅ ይችላል። ሐኪሙ በምላሹ ሐኪም ባነሰበት የአሜሪካ አካባቢ ሦስት ዓመት ያገለግላል። የዳኮታ ገበሬ ሐኪም ማግኘቱ የሚያስቀና እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ጥያቄው የላኪው አገር ድምፅ የት አለ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ ሐኪሙ ሲገባ ደብዳቤ ጻፊ ትባላለች፤ ከግዴታው ሲፈታ ግን እንደ ደንቡ አትጠየቅም። ሕጉ የላኪውን መንግሥት «አልቃወምም» የሚል ጽሑፍ የሚሻው ሐኪሙ ወደ አገሩ ለመመለስ በውል የታሰረ ሲሆን ብቻ ነው። በደብዳቤው የሰፈረው ማረጋገጫ ደግሞ ይህን የመሰለ ውል አይደለም።

ደብዳቤው «አገሪቱ» የሚለው ቃልም ሊጤን ይገባዋል። ሐኪሙ ሁለቱን ዓመት አዲስ አበባ ቢያሳልፍ በሕጉ ፊት ግዴታውን ፈጽሟል። የባለሙያ እጥረቱ የሚከብደው ግን በሌላ ቦታ ነው። ከግሼ ራቤል ምጥ የጸናባት እናት ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ስትላክ የሚቆጠረው ሰዓት በማንኛውም የቪዛ ቅጽ ላይ አይሰፍርም። የመርሐቤቴ ታሪክ ተቃራኒውን ያስተምራል። የኮንራድ ሕግ በወጣበት በዚያው በ1994 እ.ኤ.አ. የጀርመኗ ፋተርሽቴተን ከዓለም ከተማ ጋር የወዳጅነት ትስስር መሠረተች፤ በሰዎች ለሰዎች ድርጅት አማካይነት የተሠራው እናት ሆስፒታልም የዚያ አካባቢ መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል። ቦታው በስሙ ሲጠራ ርዳታው ማረፊያ ያገኛል።

ይህ ማለት ግን ሐኪሙ ይታሰር ማለት አይደለም። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የተረጋገጠ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውም፣ ስደቱ ከቪዛ መስኮት እንደማይጀምር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የባለሙያ እጥረታቸው ጥበቃ ከሚያሻው አገሮች ዝርዝር ያስገባትም ተቀባይ አገሮች ቅጥራቸውን እንዲገቱና እንዲደግፏት ነው፤ ባለሙያው በግሉ እንዳይሄድ አይከለክልም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ ስማቸው የሚጠራው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም በኤዲንብራ ተምረው የተመለሱት ማንም አስገድዷቸው አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው ይጠብቃቸው ነበር፤ የሕክምና ፋኩልቲውን በማቋቋምም ተሳትፈዋል።

በመሆኑም መፍትሔው ከደብዳቤው ጎን የሚቆም፣ ሁለቱን ወገን የሚያስር ውል ነው። ሐኪሙ የሚመለስበት ሆስፒታል በስም፣ ሥራ የሚጀምርበት ዓመት በቁጥር፣ የአገልግሎቱም ዘመን በልክ ይጻፍ። መንግሥት በበኩሉ ለፈተናና ለቪዛ ወጪው ድጋፍ ይስጥ፤ የሚሠራበትን ክፍልና መሣሪያ፣ ደመወዙንና መኖሪያ ቤቱን አስቀድሞ ያስታውቅ። መንግሥት ቃሉን ካጠፈ ሐኪሙ ነፃ ይሁን፤ ሐኪሙ ካጠፈ ደግሞ የላኪው አገር ድምፅ በመውጫው በር ይሰማ። እንዲህ ያለ ውል ሲኖር «አልቃወምም» የሚለው ጽሑፍ ክብደት ያገኛል። ከሁሉም በላይ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የሚመለሰው ስፔሻሊስት ገና ሳይሄድ ሥራው የት እንደሚጠብቀው፣ ሆስፒታሉም ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃሉ።