ቮልት የመቀነስ ሙያ

ኮምፒውተሩን ኦቨርክሎክ ሊያስደርግ የሚመጣ ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ ቁጥር ይጠራል። “አምስት ነጥብ አምስት ይገባል?” ይለኛል፤ ጊጋኸርዝ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ማሽኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚሠራበት፣ አንድ ሬንደር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እጠይቃለሁ። ጌም የሚጫወቱት ልጆች በጥያቄው ይሰላቻሉ። አርክቴክቶችና የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርጉት ግን ወዲያው ይገባቸዋል፤ እነሱን ያመጣቸው “ሲጀምር ይከንፋል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል” የሚለው ምሬት ነውና።

መንቀራፈፉ ቴርማል ትሮትሊንግ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች የሚለኩት ሙቀት አምራቹ የወሰነው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ቺፑ ራሱ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ያወርዳል። ጣሪያው በብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 100፣ በአብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም መሆኑን ልብ ይሏል።) ይህ መከላከያ ድሮ በሁሉም ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ማሽኖች እየሠሩ ሳለ ማቀዝቀዣቸው ሲነቀል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ፤ ፔንቲየም 4 እያዘገመ ሥራውን ቀጠለ፣ የኤኤምዲው አትሎን ግን በአፍታ ጭሶ ሞተ። “ትሮትሊንጉን አጥፋልኝ” የሚለኝን ሰው እሺ የማልለው ለዚህ ነው። መነካት ያለበት ቺፑን እዚያ ጣሪያ ድረስ የወሰደው ነገር ነው።

ድሮ የኦቨርክሎክ ትርፉ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ፣ ባሱ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲቀየርለት ብቻ ከ300 ወደ 450 ይዘል ነበር። በ2011 የመጣው ኮር አይ5-2500ኬም 3.3 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተሽጦ በደህና የአየር ማቀዝቀዣ እስከ 4.5 ሲሄድ ብዙዎች አይተዋል። ያን ጊዜ ፋብሪካው በቺፑ ውስጥ የተወው ትርፍ ነበር። ዛሬ ትርፉን ፋብሪካው ራሱ ጨርሶት ይመጣል፤ ኮር አይ9-14900ኬ ከካርቶኑ ሲወጣ በተመረጡ ኮሮች እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ በሙሉ ጭነት ደግሞ እስከ 253 ዋት እንዲበላ ተፈቅዶለታል። እዚህ ላይ ሌላ ቮልት መጨመር ለእኔ ሙያ አይመስለኝም።

ሂሳቡ አጭር ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ካሬ ያድጋል። በ1.30 ቮልት 5 ጊጋኸርዝ የሚይዝ ቺፕ 5.2 ለመድረስ 1.40 ቮልት ጠየቀ እንበል። ፍጥነቱ በ4 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ በ20 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያው ቺፕ 5 ጊጋኸርዙን በ1.20 ቮልት መያዝ ከቻለ ደግሞ ሙቀቱ በ15 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከፍጥነቱ የጎደለ ነገር የለም። እንዲያውም ሬንደሩ ረጅም ከሆነ ሁለተኛው ማሽን ቀድሞ ይጨርሳል፤ የመጀመሪያው ጣሪያውን ነክቶ ከ5 በታች ሲወርድ፣ ይሄኛው እስከ መጨረሻው እዚያው 5 ላይ ይቆያል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ ሂሳብ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፤ በውስጡ ያለው የአየር ክብደት ግን ያንሳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ጉዳቱ ግን የሳሳውን ያህል አይሆንም፤ ከቺፑ እስከ ማቀዝቀዣው ክንፎች ያለው መንገድ መዳብና ፔስት ነው፣ አየር የሚገባበት መጨረሻ ላይ ነው። ቢሆንም በባሕር ዳርቻ ያለ ሞካሪ ያገኘው ቁጥር እኛ ጋ ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ ይመጣል። “በቪዲዮው 75 ነበር፣ እኔ ጋ ለምን 82 ሆነ?” የሚል ሰው ማቀዝቀዣውን ከመቀየሩ በፊት ከፍታውን ያስብ። ውሃ የሚዞርበት ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ሙቀቱን የሚረከበው ያው የሳሳ አየር ነው። ደግነቱ ክፍሎቻችን ቀዝቃዛ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ክፍሉ ይግላል።

ባዮስ ከመክፈቴ በፊት ግን ኬዙን እከፍታለሁ። ለትሮትሊንግ ከመጡት ማሽኖች ውስጥ ቀላል የማይባሉት አንድም ሴቲንግ ሳይነካ ይድናሉ። በፋኑና በክንፎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ አለ፤ በብሎወር ይነፋል፣ ፋኑ ግን በጣት ተይዞ፣ ያለዚያ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል። ፔስቱ ደርቆ ዱቄት ሆኗል፤ ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታክል ትጨመርበታለች። ብሎኖቹ በሰያፍ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው መከላከያ ላስቲክ ሳይላጥ የተገጠመበት ማሽንም ያጋጥማል፤ ባለቤቱ ፊት አልስቅም። ከመርካቶ የሚገዙት ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ፍጥነት የሚቀየርበት መልቲፕላየራቸው የተቆለፈ ስለሆነ ከዚህ ሌላ የሚደረግላቸው ብዙም የለም፣ አያስፈልጋቸውምም።

አንዳንዴ ፕሮሰሰሩ 70 ዲግሪ ላይ ሆኖም ይዘገያል። ያኔ ጥፋተኛው ሶኬቱን ከቦ ያለው ኃይል አቅራቢ ክፍል፣ ቪአርኤም የምንለው ነው። እሱ ሲግል ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን “ቀንስ” ይለዋል። የውሃ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ማሽኖች ላይ ይህ ይበዛል፤ በአየር ማቀዝቀዣው ጊዜ ከፋኑ የሚተርፈው ንፋስ ቪአርኤሙንም ይነካው ነበር፣ አሁን የሚደርሰው የለም። አንዲት ትንሽ ፋን እዚያ ማዞር ውድ ራዲያተር ከመግዛት ይሻላል።

ቮልቱን መቀነስ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይፈልግም። ትንሽ ወረድ፣ ፈተና፣ እንደገና ወረድ። ተንኮሉ ያለው ፈተናው ላይ ነው። ፕራይም95 የተባለውን የጭነት መፈተኛ ፕሮግራም ለአንድ ሰዓት አስኬዶ “ሃንግ አላደረገም፣ ስቴብል ነው” የሚል ቴክኒሻን ብዙ ነው። ማሽኑ በፈተናው ወቅት ትሮትል አድርጎ ከነበረ ግን የተፈተነው 5 ጊጋኸርዝ ሳይሆን 4.6 ነው። ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ብራውዘር ሲከፍት ቺፑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙሉ 5 ይወጣል፣ ያልተፈተነበት ቦታ ነውና ብሉ ስክሪን ያመጣል። ስለዚህ በከባዱም በቀላሉም ጭነት እፈትናለሁ፣ ኮር በኮር። ራይዘን ላይ ሌላም ማታለያ አለ፤ ቮልቱ ከልክ በላይ ሲያንስ የመከታተያ ፕሮግራሙ ሙሉ ፍጥነት እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል። ይህን የሚያጋልጠው በኤችደብሊውኢንፎ ላይ ያለው ውጤታማ ፍጥነት የሚባለው መስመርና ሲኒቤንች የተባለው የፍጥነት መለኪያ የሚሰጠው ነጥብ ነው። ነጥቡ ከወረደ፣ ስክሪኑ የፈለገውን ቁጥር ይጻፍ፣ ቮልቱን እመልሳለሁ።

“ፋብሪካው ያስቀመጠውን ቮልት አንተ ማነህ የምትቀንሰው?” የሚሉኝ አሉ። ፋብሪካው ቮልቱን የሚያስቀምጠው ደካማው ቺፕም እንዲሠራ ነው፤ የእርስዎ ከደካሞቹ ካልሆነ ትርፉ በሙቀት ይወጣል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ማይክሮኮዱን ማስተካከልና ዋስትናውን በሁለት ዓመት ማራዘም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ቀሎልኛል፤ እነዚህ ማሽኖች ሲመጡ መጀመሪያ ባዮሱን አድሳለሁ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራውን ሳስረክብ ሴቲንጉን በወረቀት ጽፌ የኬዙ ውስጠኛ ጎን ላይ እለጥፋለሁ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት ሁሉም ይጠፋልና። ከቮልቱ ቀጥሎ የተፈተነበትን ወርና የክፍሉን ሙቀት እጽፋለሁ። በነሐሴ፣ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 82 ያነበበ ፕሮሰሰር በመጋቢት ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ክፍሉ 28 ሲሆን፣ ወደ 92 ይጠጋል፤ በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ይጨመርበታል። ስለዚህ በክረምት የማስተካክለውን ማሽን በሙሉ ጭነት ከ80 በላይ አላሳልፈውም።