መቅደላ ውስጥ የቀሩት

ባለፈው ክረምት መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ አንድ ጓደኛዬ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን «ሾጉን»ን አየን። ዐሥር ክፍል ብቻ ነው፤ ግን መብራት እየሄደ ለመጨረስ ከወር በላይ ፈጀብን። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ማሪኮ የምትባለው ሴት ከኦሳካ ግንብ በር ልትወጣ ትሞክራለች፤ ዘበኞች ጦር ደግነው ያግዷታል። ቡና ሲያፈሉ የነበሩት የጓደኛዬ እናት ቀና ብለው «እንግዳ ናት እስረኛ?» አሉ። «ሁለቱንም ናት እማዬ» አላቸው ልጃቸው። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ጓደኛችን ትንፋሹን አውጥቶ «ምናለ እኛም እንዲህ ዓይነት ታሪክ ቢኖረን!» አለ።

አለን እኮ ብዬ ልጮህ ነበር። ግን የመነሻ ትርኢቱ ዘፈን ጀመረና ዝም አልኩ። ማታ ጀርመን አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ነገሩን ሳብሰለስለው፣ ጓደኛዬ ግማሹን ልክ እንደሆነ ገባኝ። ታሪኩ አለን። እንደዚያ አድርጎ የነገረን ግን የለም።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ «ሾጉን» እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ተከታታይ ፊልም ነው፤ መነሻው ጄምስ ክላቬል በ1975 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ 18 የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ዘመኑ ጃፓን ለመቶ ዓመት ያህል በጦር አበጋዞች ተከፋፍላ ስትታመስ የቆየችበት ማብቂያ ነው። ቶራናጋ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከቶኩጋዋ ኢዬያሱ ነው። ማሪኮ ደግሞ ከሆሶካዋ ግራሲያ።

የጦርነት ፊልም ልታዩ ከተቀመጣችሁ ትናደዳላችሁ። (ያላያችሁ ይህንን አንቀጽ ዝለሉት።) የዘመኑ ወሳኝ ውጊያ፣ የ1600ው ሴኪጋሃራ፣ በምናብ ብልጭ ብሎ ያልፋል እንጂ አይታይም። ዐሥሩንም ክፍል የሚያስጨንቀን ከግንቡ ውጪ የቆመው ጦር ሳይሆን ግንቡ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ የመኳንንቱ ሚስቶችና ልጆች። በክብር ይኖራሉ፣ ሻይ ይቀዳላቸዋል፣ ግጥም ይገጥማሉ፣ መውጣት ግን አይችሉም። አንዱ አበጋዝ በሌላው ላይ የማይነሳው ልጁ እዚያ ስላለ ነው። ድንጋዩና ጉድጓዱ የግንቡ ግማሽ ጉልበት ነው፤ ሌላው ግማሽ መያዣ የሆኑት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ግንብ ስንል የሚታየን ፋሲል ነው፤ ግን በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ግንብ ማንንም አላዳነም። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ነገሥታቱ እዚያው ግቢ ውስጥ እየተሾሙ እየተሻሩ ኖሩ። የኢትዮጵያ አበጋዝ ሲከፋው ወደ ግንብ አይሸሽም፤ ወደ አምባ ይወጣል። ጃፓኖች በድንጋይ የካቡትን እኛ ተፈጥሮ ካቦልን አገኘነው፦ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር።

ተቀናቃኝነቱስ? ከጃፓኑ በምን ያንሳል? አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስ። በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር አብሮ በራስ አሊ ላይ ዘመተ። ከግብፅ ያስመጣቸው አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ አብረውት ናቸው፤ ጠመንጃም ከማንም በላይ አለው። ደብረ ታቦር ላይ ገጠሙ፣ ውቤ አሸነፈ፣ አሊ ሸሸ። ውቤ ድሉን ድንኳኑ ውስጥ ሲያከብር የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ያዘው። በቃ። ውጊያውን አሸንፎ በድግሱ የተሸነፈ ሰው። ይህንን አንድ የጃፓን ደራሲ ቢያገኘው ሦስት ቅጽ ይጽፍበት ነበር። አሊ ደግሞ የያዘውን ጠላቱን ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው። ለምን ለቀቀው? ያ ጥያቄ ብቻውን ልቦለድ ነው።

የእኛ ደራስያን ግን ይህን ዘመን ሲጽፉት አንድ ሰው ብቻ ነው የታያቸው። በጣም የምናውቃቸውን ሥራዎች ርዕሳቸውን ብቻ ተመልከቱ፦ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»። ሦስቱም ርዕስ የሚጠራው ያንኑ አንድ ሰው ነው። ዕንባው የእሱ ነው፣ እናትየው የእሱ ናት፣ ስሙም የእሱ ነው።

ፍርዴ እንዳይከፋ፣ የዚያን ትውልድ ምክንያት አውቃለሁ። የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ ሲናቅ የኖረን ንጉሥ፣ ዙፋን በዘር ሐረግ በሚቆጠርበት ዘመን ከፍ አድርጎ ማቆም ድፍረት ነበር። አንባቢውም ያንን ድፍረት ፈልጎታል። እኔም «አንድ ለእናቱ»ን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሳነብ አልቅሻለሁ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የዘመኑ ብቸኛ መስኮታችን ሆኑ፤ በዚያ መስኮት ሲታዩ ደግሞ ውቤም፣ አሊም፣ ጎሹም፣ መነንም ካሣ ኃይሉ የሚወጣበት ደረጃ ናቸው። ጉር አምባ፣ ጎርጎራ ብችኝ፣ አይሻል፣ ደረስጌ፤ አራት ውጊያ፣ አራት ደረጃ፣ ከዚያ ዘውድ። ተቀናቃኞቹ ምን እንደፈለጉ፣ ምን እንደፈሩ፣ ማታ ማታ ከማን ጋር እንደተማከሩ አይነገረንም። ውቤ እኮ ደረስጌ ማርያምን ያሠራው ሊነግሥባት ነበር ይባላል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ራሱ ባስመጣው ጳጳስ እጅ፣ ያሸነፈው ሰው ተቀባ። እስኪ ያንን ቀን በውቤ ዓይን አስቡት!

የመቅደላም ነገር እንዲሁ ነው። መቅደላ ስንል አንድ ቀን ነው የሚታየን፦ ሚያዝያ 6፣ 1860 ዓ.ም.፣ በሩ ሲሰበር፣ ሽጉጡ ሲተኮስ። ያንን ሽጉጥ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ሰማነው! ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወጣ፤ ይህ ሁሉ ይታወቃል። ግን መቅደላ በቴዎድሮስ እጅ የነበረው አንድ ቀን አይደለም። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት አምባው ምን ይሠራ ነበር?

እንደ ኦሳካ ነበር። የሰው ልጆች ማስቀመጫ።

የሸዋው ምኒልክ በአሥራ አንድ ዓመቱ ተይዞ ሄዶ መቅደላ ላይ አደገ። እንደ ልጅ ተያዘ፣ ተማረ፣ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አገባ፤ መውጣት ግን አይችልም። በ1857 ዓ.ም. ሚስቱን ትቶ በሌሊት አመለጠ። ኢዬያሱም፣ ያ የቶራናጋ መነሻ የሆነው ሰው፣ ልጅነቱን ያሳለፈው በሌላ አበጋዝ ቤት መያዣ ሆኖ ነው። ሁለቱም ከመያዣነት ወጥተው አገር ገዙ። አንድ ልጅ አባቱን ባሸነፈው ሰው ማዕድ ላይ ዐሥር ዓመት ሲቀመጥ ምን ይማራል? ትዕግሥት? መሳቅ ሳይፈልጉ መሳቅን? ስለ ዐድዋው ምኒልክ የተጻፈውን ሁሉ ስናነብ የዚህን ልጅ ፊት አናገኘውም።

ምኒልክ ያመለጠው በወሎዋ ወርቂት ግዛት በኩል ነው። ወርቂት ደግሞ የራሷ ልጅ እዚያው አምባ ላይ መያዣ ነበር። ይህንን እያወቀች እንግዳውን አሳለፈችው። ቴዎድሮስ በመነጽር ሲያይ ምኒልክ የእሷ ሰፈር ደርሷል ይባላል። የወርቂት ልጅና ሌሎች የወሎ መያዣዎች በዚያ ቁጣ ተገደሉ። ማሪኮ በር ላይ ቆማ የምትከራከርበትን ትዕይንት አይተን የሦስት ሰው ዕንባ ወረደ። የወርቂትን ውሳኔ ግን ማን ጻፈው? ያቺ ሴት የሰው ልጅ ስታሳልፍ የራሷን አስባለች? ይራራል ብላ ይሆን? ለእኔ በዘመኑ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ ሰዓት የለም፤ ከመጨረሻው ሽጉጥም ይከብዳል። እኛ ዛሬ «እገታ» የሚለውን ቃል በየሳምንቱ ዜና ላይ የምንሰማ ሰዎች ደግሞ የመያዣን ነገር ለመረዳት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር።

ሌላዋ ጥሩወርቅ ናት፤ የውቤ ልጅ። የአባቷን ዘውድ የወሰደውን ሰው አገባች፤ አባቷ የባሏ እስረኛ ነበር፣ ነፃ ሳይወጣም መቅደላ ከመውደቁ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሞተ። ቴዎድሮስ ሲገባ ዳዊት መድገሟን ሳታቋርጥ ቀረች፣ ለምን ብሎ ሲቆጣም ከእርሱ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለችው ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሰው ስለ እሷ ያስታወሰው ይህንን ነው።

የአኪራ ኩሮሳዋን «ራን» ያያችሁ ወይዘሮ ካዬዴን ታስታውሳላችሁ። አማቷ ቤተሰቧን አጥፍቶ የአባቷን ግንብ ወሰደ፤ እሷ በዚያው ግንብ የልጁ ሚስት ሆና ኖረች። ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1985 ያንን ፊልም ሲሠራ ሽማግሌውን አበጋዝ መሐል አድርጎ ነው፤ ግን ፊልሙን የምትነዳው ካዬዴ ናት። ግንብ ሲቃጠል ስናይ እሳቱ ከየት እንደተነሳ እናውቃለን፤ ሽማግሌው ራሱ ድሮ የለኮሰው ነው። እኛ ጥሩወርቅን በቲያትር ስናገኛት ብዙ ጊዜ የቴዎድሮስን ብቸኝነት ለማሳየት የገባች ጥላ ናት። ተዋበች ታማኟ፣ ጥሩወርቅ ቀዝቃዛዋ፤ ሁለቱም የሚመዘኑት በእሱ ልብ ነው። የተዋበች ባል አባቷን ራስ አሊን አይሻል ላይ አሸንፎ ለዘላለም ከሥልጣን እንዳወጣው ግን ማን ያነሳል?

ቴዎድሮስን ትልቅ ያደረገው ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ እሱንም ጎድቶታል ባይ ነኝ። ከአሮጌ ውጊያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እስላምጌ ላይ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል። በማግስቱ ስቅለት ነበር። ይህን የሠራው ሰውና ሽጉጡን የጠጣው ሰው አንድ ሰው ነው። የተወረወሩትን ሳያሳዩን በእሱ ሞት ብቻ የሚያስለቅሱን ጸሐፊዎች የአንድን ሰው ግማሽ ነው የሰጡን። ኩሮሳዋ ሽማግሌውን ሲያሳብደው የገደላቸውን ሰዎች ፊት ለፊቱ ያመጣበታል፤ ስለዚህ ነው እብደቱ የሚከብደን።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። በዚያው አምባ ታስረው የነበሩ አውሮፓውያን ተፈተው አገራቸው እንደገቡ መጽሐፍ ጻፉ። ስተርንና ብላንክ በ1868፣ ራሳም በ1869 እ.ኤ.አ.። ምን እንደበሉ፣ ሰንሰለቱ ስንት ዓመት እንደቆየባቸው፣ ማን እንደጎበኛቸው ሁሉ ተጽፏል። ከእነሱ ጋር፣ ከእነሱም በላይ ለረጅም ጊዜ የታሰሩት የሐበሻ መኳንንት ግን በእነዚያ መጻሕፍት ዳር ላይ ብቅ ይላሉ ይጠፋሉ። የቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች ከግዕዝ ወጥተው በአማርኛ የተጻፉ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ አማርኛው ደግሞ ዛሬም ሲነበብ ትኩስ ነው። ግን ዜና መዋዕል ንጉሡን ተከትሎ ይሄዳል። አምባ ላይ ከቀሩት ጋር አይቀመጥም። ልቦለድ መግባት የነበረበት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነበር፤ እሱም ንጉሡን ተከትሎ ሄደ።

ከጃፓን ጋር መወዳደር ለእኛ አዲስ አይደለም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ተመልሰው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲያሳትሙ የዘመኑ ምሁራን ጥያቄ «እንዴት እንደ እነሱ እንሠልጥን» ነበር። ፋብሪካውን፣ ሕገ መንግሥቱን አዩ። ጃፓኖች ያለፈውን የእርስ በርስ ጦርነታቸውን እንዴት እንደሚተርኩት ግን ማንም ልብ ያለ አይመስለኝም። እነሱ ተሸናፊውንም ይጽፉታል። ግራሲያ የአሸናፊ ልጅ አልነበረችም፤ ጌታውን የከዳ ሰው ልጅ ናት። ያም ሆኖ አራት መቶ ዓመት ሲጽፏት ኖሩ።

እንግዲህ ማን ይጻፈው የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ከየት ይጀመር ከተባልኩ ግን ከሽጉጡ በኋላ ነው የምለው። መቅደላ ነደደ። ናፒየር አምባውን ለላስታው ዋግሹም ጎበዜ ሰጠው፣ ጎበዜ አልፈልግም አለ። ወርቂትና ተቀናቃኟ መስተዋት፣ ሁለቱ የወሎ እመቤቶች፣ የእኔ ነው የእኔ ነው ተባባሉ። ቁልቁል በሚወርደው ሠራዊት መሐል፣ በዝሆኖቹና ዘረፋውን በተሸከሙት በቅሎዎች መካከል፣ ጥሩወርቅ ትንሹን ልጇን ዓለማየሁን ይዛ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። አባቷ ሲገዛው ወደነበረው ወደ ትግራይ ነው መንገዱ። ታማለች። ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት፤ ጨለቆት ትቀበራለች፣ ልጁ ያለ እሷ ባሕር ይሻገራል። በአምባው ላይ ሚስትም እስረኛም ሆና ኖራ፣ አሁን በሩ ክፍት ነው።

ቅዳሜ ይህንኑ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። የጓደኛዬ እናት ሲኒውን እያቀረቡ «እና እሷስ? እንግዳ ነበረች እስረኛ?» አሉኝ።