እሱ ሲጠይቅ፣ እሷ ስትመልስ፤ ስለ ጥላሁንና ብዙነሽ የቅብብል ዘፈኖች

በዚህች ቅጠል ላይ ስለ ግጥም ብዙ ተብሏል፤ ስለ አጭር ልቦለድም እንዲሁ። ስለ ዘፈን ብዕሩን የሚያነሣ ግን አይታይም። ዘፈን መዝናኛ ነው፣ ያውም ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ከሆነ «ልብ ማልፈስፈሻ» ነው የሚል አስተያየት በየዶርሙ ሥር ሰዷል። እኛ በበኩላችን ይህን አንቀበልም። አንቀበልም የምንለውም እንዲያው በደፈናው አይደለም፤ የጥላሁን ገሠሠንና የብዙነሽ በቀለን የቅብብል ዘፈኖች በማስረጃነት ይዘን ነው።

ሁለቱም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሰዎች ነበሩ። ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ያደገ፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር አልፎ ክብር ዘበኛ የገባ መሆኑን የማያውቅ የለም። ብዙነሽም በዚያው ኦርኬስትራ ፊት ቆማ ስሟን ያስጠራች፣ በኋላም ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራች ድምፃዊት ናት። ከኋላቸው ሳህሌ ደጋጎን የመሰለ የሙዚቃ ቀማሪ፣ አፈወርቅ ዮሐንስን የመሰለ የግጥምና የዜማ ሰው ነበረ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የወታደር ቤት ነው። በጦር ሠራዊት ማዕርግ ውስጥ ይህን ያህል ለስላሳ ነገር መብቀሉ ለብቻው የሚያስገርም ነው፤ ለዛሬ ግን እንለፈው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በእንግሊዝኛ ሁለት ፍቅረኞች አንድ ስንኝ ተካፍለው መዝፈን ይችላሉ። «ዩ» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም ያው ነውና እሱ ያለውን እሷ ቃል ሳትለውጥ ትደግመዋለች። በአማርኛስ? በአማርኛ «ጠበቅሁሽ» ያለውን እሷ ልድገመው ብትል «ጠበቅሁህ» ማለት ግድ ይሆንባታል። ያኔ ደግሞ ቤቱ ይፈርሳል፤ በ«ሽ» ሲመታ የመጣው ግጥም በ«ህ» መምታት አለበት። ስለዚህ የአማርኛ ገጣሚ ለሁለት ድምፅ ሲጽፍ አንድ ግጥም ጽፎ ማካፈል አይችልም፤ ሁለት ግጥም መጻፍ አለበት። የእሱ የራሱ ቤት አለው፣ የእሷም የራሷ። አንድ ላይ ሊሉት የሚችሉት ወይ «እኛ» የሚለውን ነው፣ ወይ ደግሞ ስለ ፍቅር በሦስተኛ መደብ የሚናገረውን። ከመካከላችን አፋችንን በቤንችኛ፣ በካፊኛ፣ በሸክኛ ፈትተን አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘን አለን፤ ይህች «ሽ» እና «ህ» ስንት ጊዜ እንዳሳቀችብን እናውቃለን። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጆሯችን ቶሎ የያዛት።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሁለቱን ዘፈን ስናዳምጥ «እኛ» የምትለዋ ቃል እስክትመጣ ድረስ ጆሯችን ይጠብቃል። እሱ በ«ሽ» ይከስሳል፣ ይለምናል፤ እሷ በ«ህ» ትመልሳለች፤ አንዳንዴም ክሱን እዚያው ትመልስለታለች። ከዚያ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ «ሽ» እና «ህ» ይወድቁና «ን» ይመጣል። ዕርቁ የሚፈጸመው በታሪኩ አይደለም፣ በግሡ መጨረሻ ላይ ነው! ይህን የትኛው ልቦለዳችን ነው እንዲህ ባጭሩ የሠራው?

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንምጣ። «አገር በጭሰኝነት ሲማቅቅ፣ ተማሪው በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ እነሱ ስለ ፍቅር ያንጎራጉሩ ነበር» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ለዚህ የተለመደው መልስ ሰምና ወርቅ ነው፤ «አንቺ» ማለት አገር ናት፣ ነጻነት ናት፣ ይባላል። እውነትም ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ክብር ዘበኛ ተበትኖ ጥላሁንም ታስሯል፤ ለብቻው የዘፈናቸው አንዳንድ የፍቅር ዘፈኖቹም ስለ አገዛዙ ናቸው ተብለው ተተርጉመዋል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ትርጓሜ የሚሠራው አንድ ሰው ለብቻው ሲዘፍን ነው። «አንቺ» የተባለችው ዝም ካለች የፈለግነውን ልናደርጋት እንችላለን፤ አገርም፣ ዕድልም፣ እናትም። በቅብብል ዘፈን ግን «አንቺ» አፍ አላት። ብዙነሽ ብድግ ብላ ስትመልስ ወርቅ ፍለጋው ያከትማል፤ አገር እኮ «አንተም አጥፍተሃል» አትልም። ከፊቱ የቆመችው ሴት ራሷ ናት፣ የሌላ ነገር ምሳሌ አይደለችም። በአማርኛ የፍቅር ግጥም ውስጥ ሴቲቱ ስትመሰል፣ ስትወደስ፣ ስትለመን ኖራለች፤ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አንገቷ ተቆጥሮ አያልቅም። መልሷን የሰማንበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። እኛ እንግዲህ የነዚህን ዘፈኖች ክብደት እዚህ ላይ እናያለን፤ አደባባይ ባይወጡም በሰው ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነክተዋል።

ሳንናገረው የማናልፈው ጉድለት ደግሞ አለ። የእሷን መልስ የጻፉላት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ስለዚህ መልሱ ቶሎ ይለዝባል፤ ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ወረቀት ላይ ብቻ ብናነበው የሚያናድድ ነው። የሚያድነው ድምጿ ነው። ብዙነሽ የመለማመጥ ቃል ሲሰጣት በልመና ድምፅ አትዘፍነውም፤ ቀጥ ብላ፣ ሙሉ ደረቷን ሰጥታ ትዘፍነዋለች። ጥላሁን ደግሞ ለብቻው ሲሆን ሰማይ የሚያስነካውን ያን ድምፅ ከሷ ጋር ሲሆን ዝቅ ያደርገዋል። ያዳምጣታል ማለት ነው። ይህ ከግጥሙ የሚነበብ አይደለም፤ ተደጋግሞ ከመሰማት የሚመጣ ነው።

ስለ ዜማውም ጥቂት እንበል። በደቡባችን ያሉት የዶርዜ ድምፃውያን ብዙ ልዩ ልዩ ድምፅ በአንድ ጊዜ እያስኬዱ ሲዘፍኑ የሰማ ሰው፣ የጥላሁንና የብዙነሽ አዝማች ቀላል ይመስለዋል፤ ሁለቱም ያንኑ አንድ ዜማ ነው የሚሉት። የደገኛው አዘፋፈን ወጉ ይህ ነው፤ በትዝታም ሆነ በባቲ ዜማው አንድ ነው፣ የሚለያየው የየሰዉ ቅላጼ ነው። በውጭው ዓለም በዚያው ዘመን ገነን ያሉትን ካርፔንተርስ የተባሉትን የካሊፎርኒያ ወንድምና እኅት እንውሰድ። ካረንና ሪቻርድ የራሳቸውን ድምፅ በቴፕ ላይ ደግመው ደጋግመው እየደረቡ፣ ሁለት ሰው ሆነው እንደ መዘምራን ጓድ ይሰሙ ነበር። እጅግ ያምራል። ግን ወንድምና እኅት ናቸውና እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ በዘፈኑ ውስጥ የሚናፈቀው ሌላ ሦስተኛ ሰው ነው። የኛዎቹ ድርብርብ የላቸውም፤ በነሱ ዘመን ዘፋኙም ኦርኬስትራውም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነበር የሚቀረጹት። ባይደራረቡም ፊት ለፊት ናቸው። ካርፔንተርስንም ቢሆን በጊዜያቸው «ስኳር በዝቶባቸዋል» ብለው ያንቋሸሿቸው ነበሩ፤ ካረን እ.ኤ.አ. በ1983 በ32 ዓመቷ ካለፈች ከዓመታት በኋላ፣ በ1994፣ ኃይለኛ ሮክ የሚጫወቱ ባንዶች ሳይቀሩ ተሰብስበው ዘፈኖቻቸውን እንደገና ተጫወቱላቸው።

የኛን ሁለት ሰዎች ያስታወስንበት መንገድ ግን እኩል አይደለም። ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር አለቀሰ፤ የመንግሥት የቀብር ሥርዓት ተደረገለት። ይገባዋል፣ ማንም አይከራከርም። ብዙነሽ ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር ያለፈችው፤ ጦርነቱ ባላለቀበት፣ የሰዓት እላፊው ባልተነሣበት ዘመን። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ በርካታ ቅጾች አሉት። አለማየሁ እሸቴ የራሱ ቅጽ አለው፤ ማሕሙድ አህመድ አራት ቅጽ አለው፤ 17ኛው የጥላሁን ነው። ከሴቶች ለብቻቸው የወጣላቸው አስናቀች ወርቁና እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው። ብዙነሽ የለችም። ከሌሎች ጋር ተቀላቅላ እንጂ በስሟ የተሰየመ ቅጽ የላትም።

ሩቅ ምን አስኬደን፤ እዚሁ ሚዛን ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወዲህ ማዶ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑትን ልጆች «ቆየት ያሉ» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለቱ ዘፈን «ጥላሁን 1»፣ «ጥላሁን 2» እየተባለ ነው የተቀመጠው። የሷ ስም የለም። እሷ ያለችበት መሆኑ የሚታወቀው ዘፈኑ ተጀምሮ ግማሽ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ልጆቹን አንወቅስም፤ እነሱም ከሌላ ሰው ፍላሽ የገለበጡት ነው። እንዲህ እየተገለበጠ ሲሄድ ግን መልስ ሰጪዋ አጃቢ ትሆናለች፣ ቀጥሎ ደግሞ «አንዲት ሴት» ትሆናለች። ክርክራችን ታዲያ ስለ ዝና ብቻ አይደለም፤ የቅብብሉ አንዱ ወገን ስሙ ከጠፋ ዘፈኑ ወደ ነጠላ ዘፈንነት ይመለሳል፤ ያቺ ዝም ያለች «አንቺ» ተመልሳ ትመጣለች።

በበቃ እርሻ ውስጥ የሠሩ አንዲት እናት ይህን ስናወራ ሰምተው ሳቁብን። ቡና ለቀማ ላይ ከወሎ የመጣውም፣ ከከምባታ የመጣውም፣ የአገሬው ሰውም አብሮ ሲውል፣ ከአንዱ የሠራተኛ ቤት በቴፕ የሚሰማውን እሳቸው ሁልጊዜ «የብዙነሽ ዘፈን» ነበር የሚሉት። «ሰውየውማ ጥሩ ነው የሚያጅባት» አሉን። እኛም ሳቅን፤ ግን ማስታወሻ ያዝን።

በመጪው ዐርብ ከእራት በኋላ በክበባችን ክፍል የማዳመጫ ምሽት አለን። ቴፕ አግኝተናል፤ ድንጋዩን እናዋጣለን። ቤታችሁ፣ አጎታችሁ ጋ፣ አክስታችሁ ጋ የቆየ ካሴት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የካሴቱን ሽፋን ወረቀት ግን አትጣሉት፤ ቢቀደድም፣ ቢደበዝዝም አምጡት፤ የሁለቱም ስም ያለው እዚያ ላይ ነው።