«ባለ ክራሯ» ብቻ ናትን? — ስለ አስናቀች ወርቁ የመድረክ ሕይወት

ሰባተኛ ወርዶ «አስናቀች ወርቁ ማን ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም፤ «ባለ ክራሯ ናታ!» ይሉታል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ክራሯ በካሴት ተቀድቶ ከመርካቶ ሱቆች እስከ ባሕር ማዶ ደርሷል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች 16ኛው የእርሷ ነው። ትወናዋ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። የዛሬው ሂሳችን የሚያነጣጥረው እርሷ ላይ ሳይሆን፣ ግማሿን ይዞ ግማሿን በጣለው ትዝታችን ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተጀመረ በኋላ፣ ሀገር ፍቅርም በ1927 ከተቋቋመ በኋላ፣ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ለብዙ ጊዜ ወንድ ነበር። ሴት ችሎታ አንሷት ነውን? አይደለም። መድረክ የወጣች ሴት «አዝማሪ»፣ ሲብስም «ሴተኛ አዳሪ» ትባል ስለነበረ ነው። ይህን ስድብ ሰባተኛ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ቡና ቤቶቿ በሴት ልጅ ላብ ቆመው ሳለ፣ የሰፈሩ ስም ራሱ የሴት ልጅ መሰደቢያ ሲደረግ አይታለች። አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ በማዘጋጃ ቤት መድረክ «የፍቅር ጮራ»ን ስትጫወት የተጋፈጠችው ይህንኑ ስድብ ነበር።

በሀገር ፍቅር በኩል ሰላማዊት ገብረ ሥላሴም አለች። ታዲያ «የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ማን ናት?» የሚለው ክርክር አያልቅም። እኛ ግን «መጀመሪያ» የሚለው ማዕረግ ሂስን የሚያስቀር ሽልማት ነው እንላለን። ተራ ቁጥር ሰጥተን፣ አጨብጭበን፣ እንዴት እንደተወነች ሳንጠይቅ እንበተናለን።

እንዴት ተወነች? በ1948 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው፣ ዋና ቤቷ ነበር። ያ መድረክ ባያናግረንም፣ ከመሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር የተቀባበለችው ዘፈን ይናገራል። እስቲ እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ ተውኔት እናድምጠው። እርሱ ይወረውራል፤ እርሷ አትቸኩልም። ክራሩን ትንሽ ታስጠብቀዋለች፣ ከዚያ መልሱን ትሰጠዋለች፤ ሲያሻት ትሞግተዋለች፣ ሲያሻት ታሽኮረምማለች። ይህ ቃለ ተውኔት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጊዜን ማወቅ፣ ተቃራኒን መስማት፣ ዝምታን መጠቀም ነው። ባለ ክራሯና ተዋናይቷ ሁለት ሴቶች አልነበሩም።

ወደ ሌላ አገር እንመልከት። እንግሊዛዊቷ ኤለን ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1888 እመቤት ማክቤዝን ስትጫወት በጥንዚዛ ክንፍ ያጌጠ ቀሚስ ለብሳ ነበር። በዚያ ልብስ ሠዓሊው ሳርጀንት ሣላት፤ ኬንት ውስጥ ያለው ቤቷ ሙዚየም ሆነ፤ ቀሚሱም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ለእይታ ቀረበ። አስናቀች ያረፈችው በዚያው ዓመት፣ በእኛው መስከረም 2004 ነው። አንዲቱ የለበሰችው እንኳ ሲታደስላት የሌላዪቱ የመድረክ ሥራ ከተመልካቾቿ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው። ራሔል ሳሙኤል ስለ አስናቀች የሠራችው «አስኒ» የተሰኘው ፊልም የወጣው ካረፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ይበል የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ፊልም የአንድ ትውልድን መድረክ አይሸከምም።

«እንግሊዝ ሀብታም ናት» የሚሉን አይጠፉም። እርሳስና ወረቀት ግን ሀብት አይጠይቅም! ጥፋቱ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ነው፤ ተውኔት ስናጠና ደራሲውን እንጂ ተዋናዩን አንጠይቅም፣ የታተመውን ብቻ ጥበብ እንለዋለን። ስለዚህ ጓዶች፣ እርሷን በመድረክ ያዩ አዛውንቶች በየሰፈሩ፣ ሰባተኛም ጭምር፣ በሕይወት አሉ። እንሂድና እንጠይቃቸው፦ ስትገባ እንዴት ነበር የምትገባው? ስታለቅስስ? ከዚያ እንጻፈው።