ቀይ አሸዋ፦ ስለ አንዲት ዜሮ ሂስና ግለ ሂስ

ባለፈው እትማችን ስለ ገጠር ሰው አስተሳሰብ የወጣውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለንም፤ ከዶርም ዶርም ሲዞር ነበርና። ጸሐፊው ብዕሩ ይጣፍጣል፤ ይህን አንክድም። ነገሩ ግን ከባድ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ያለ የበርታ ገበሬ ከሚያየውና ከሚዳስሰው ውጭ ማሰብ አይችልም ይለናል። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር፣ ሌላው ለሳይኮሎጂ ትምህርት የተሞላ የጥያቄ ወረቀት። ወረቀቱን ይዘን የዞርነው ደግሞ እኛው ነን። ስለዚህ ሂሳችን ግለ ሂስም ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የሀገሮችን ሀብት ከሕዝባቸው የአይ.ኪው. ውጤት ጋር ሲያያይዙ ለኢትዮጵያ 63 ሰጥተዋል። ጸሐፊያችን ቁጥሯን እንዳለች ገለበጣት። ለመሆኑ ከየት መጣች? ካኒየልና ፊሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጡት ጥናት ነው። የተፈተኑት ወደ እስራኤል የፈለሱ የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች፣ ፈተናው የሬቨን የሥዕል ፈተና ነው። አገራቸውን ለቀው አዲስ ቋንቋና አዲስ ትምህርት ቤት የገጠማቸው ልጆች ውጤት የአንድ ሀገር ሕዝብ ሁሉ አእምሮ ተባለ! የአሶሳ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ጎንደር ላይ የቀመሱትን ወጥ ይዞ የአሶሳውን ገንፎ ጨው በዛበት እንደ ማለት እኮ ነው።

ወደ ራሳችን ወረቀት እንለፍ። ጥያቄዎቹን የወረስነው ከሉሪያ ነው። ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ወደ መካከለኛው እስያ ወርዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ሲጠይቅ ነበር። በረዶ ባለበት ሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ እገሌ የሚባለው ቦታ በሩቅ ሰሜን ነው፤ ድቦቹ ምን ዓይነት ናቸው? ብዙዎቹ እዚያ ሄደን ስላላየን አናውቅም፣ ያየውን ጠይቅ አሉት። ትንሽ ትምህርት የቀመሱት ግን መለሱ። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ሉሪያን አናጣጥልም። ክርክሩ ልዩነቱ ምንን ያሳያል የሚለው ላይ ነው።

እኛ ድብን በወርቅ ለወጥን። ብልህ የሆንን መስሎን። «ወርቅ ያለበት ወንዝ ሁሉ አሸዋው ቀይ ነው። ‹ሀ› የሚባል ወንዝ ወርቅ አለበት። የ‹ሀ› ወንዝ አሸዋ ምን ዓይነት ነው?» ይህን ይዘን ከሼህ ሆጀሌ ዘመንም በፊት ወርቅ ሲታጠብ በኖረበት አገር፣ ዕድሜያቸውን ወንዝ ለወንዝ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀረብን። አባት ብዙ ተናገሩ፤ እጃቸውንም ሳሕን እንደያዘ ሰው አሽከረከሩ። አስተርጓሚያችን፣ የሰፈሩ ልጅ የሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ በአጭሩ «ወንዙን አላውቀውም ይላሉ» አለን። ዜሮ ጻፍን። ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ነበር የሚሉት ብለን ልጁን ጠየቅነው። እንዲህ ነበር ለካ፦ «ወርቅ ሲታጠብ ሳሕኑ ግርጌ ከወርቁ ጋር የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው። ቀይ ነው ያለህ ሰው ወርቅ አያውቅም። በመጀመሪያው ከተሳሳተ፣ ‹ሀ› ወንዝ ወርቅ አለበት ሲልህስ ለምን አምነዋለሁ? ወንዙን እኔ አላየሁትም፤ አንተም ብታየው ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር።»

እስቲ ይህን እንደ ሎጂክ ተማሪ እንመልከተው። አንድ ክርክር ቅርጹ ሊያዝ ይችላል፤ መነሻው ሐሰት ከሆነ ግን መደምደሚያውን ለመቀበል አያስገድድም። ይህን ክፍል ውስጥ ሸምድደን ፈተና ላይ ጽፈናል። ሽማግሌው መነሻችንን መርምረው ጣሉት፤ የተናጋሪውን ታማኝነት መዘኑ፤ ከመጠየቃችን ተነስተው አለማየታችንን ደረሱበት። ይህ የመጨረሻው ከዓይን ያልተገኘ፣ በማሰብ ብቻ የተደረሰ ነገር ነው። ጸሐፊያችን የለም ያለው ማለት ነው! እኛ የፈለግነው ግን አንድ ብቻ ነበር፦ የተባልከውን እመንና ቀጥል። ይህ ጨዋታ ነው፣ ሕግ አለው፤ ሕጉን የምንማረው ትምህርት ቤት ነው። ሕጉን አለማወቅና ማሰብ አለመቻል ለየቅል ናቸው። ላይቤሪያ ውስጥ የክፔሌ ገበሬዎች ዕቃ በየዓይነቱ ለዩ ሲባሉ ቢላዋን ከሚቆርጠው ነገር ጋር አስቀመጡ፤ ብልህ ሰው እንዲህ ያደርጋል አሉ። ሞኝ እንዴት ያደርገዋል ተብለው ሲጠየቁ ፈታኞቹ ሲጠብቁት የነበረውን አመዳደብ ወዲያው ሠሩላቸው።

እዚህ ላይ ጸሐፊያችን ፈገግ ሊል ይችላል፦ ከአንድ ሽማግሌ ተነስታችሁ የገጠር ሰው ሁሉ ፈላስፋ ነው ልትሉን ነው? አይደለም። እንዲህ ብንል ያው የ63ቷን ስህተት በግልባጩ ደገምነው። የምንለው ያነሰ ነው፤ የእኛ ዜሮዎች ስለ በርታ አእምሮ ምንም አይናገሩም። አንዳንዶቹ በእርግጥ የማይያያዝ መልስ ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹ በትርጉም የተቆረጡ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የተሳሳተ ጥያቄ ያስቀራቸው ናቸው። ዛሬ መለየት አንችልም፤ የጻፍነው ቁጥሩን እንጂ ንግግሩን አይደለምና። ይህ ጥፋት የጸሐፊው ሳይሆን የእኛ ነው። የእሱ ጥፋት ዜሮዎቹን ሲያይ ይህን አለመጠየቁ ነው። አብረውን ዶርም የሚያድሩ የበርታና የጉሙዝ ልጆች ያን ጽሑፍ ሲያነቡ ምን እንደ ተሰማቸው ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም፤ አስተርጓሚያችን ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲጋበዝ ሥራ አለኝ ይላል።

ወረቀቶቹ እኛ ዘንድ ስላሉ ሊያያቸው የሚፈልግ ይምጣ። በሽማግሌው ረድፍ ያለችውን ዜሮ ሰርዘናታል። በምትኩ ምን እንደሚጻፍ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ አንዳችን አንድ ይሰጣቸው ሲል፣ ሌላው መሰረዝ ያለበት ጥያቄው ነው ይላል።