የሽቦ መኪና መሪ

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ሊማሊሞ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ወገብ ላይ የጠረበው መንገድ፣ የሾፌር እጅ የሚፈተንበት ነው። ለዚህ ይመስለኛል የዚያ ደጋ ልጅ የሽቦ መኪና ሲሠራ ከሁሉ በፊት ለመሪው የሚጨነቀው።

አካሉ ምንም አይደለም፤ የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ይበቃዋል። ጎማው ቆርኪ ነው፤ ካልሆነም ካረጀ ነጠላ ጫማ በምላጭ ክብ ተደርጎ ይወጣል። ቁም ነገሩ የፊተኛው ዘንግ ላይ ነው። ግራ ቀኝ እንዲዞር መሃሉ ላይ ብቻ ይታሰራል። ከእሱ የተነሣ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ እንደ መሪ ክብ ሆኖ ይጠቀለላል። ማሰሪያው ከጠበቀ መኪናው አይታጠፍም፤ ከላላ ይዋልላል። ልኩን የሚያገኘው ጣት ነው፤ ስንት ጊዜ ፈትቶ ካሰረ በኋላ! ሞተሩ ራሱ ልጁ ነው። ድምፁንም በአፉ ያወጣል፣ ማርሽ ሲቀይር ሳይቀር።

በ2004 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን ሮቦሳፒየን የተባለ አሻንጉሊት ሮቦት የፈለሰፈው ማርክ ቲልደን፣ ቀደም ሲል ከተጣሉ ዎክማኖች በነቀላቸው ዕቃዎች የሚራመዱ ማሽኖች ይሠራ ነበር። ጎንደር ፒያሳ ቢያልፍ እነዚህንም ከተጣለ ዕቃ የተሠሩ የሽቦ መኪናዎች ቆም ብሎ ያይ ነበር እላለሁ።

አዘዞ ያየሁት አንዱ መኪና የፍሬን መብራት ሁሉ ነበረው፦ ቀይ የከረሜላ ወረቀት።