ለጨዋታው ማኅበር መጋቢ

በኅዳር 2004 ዓ.ም. በይፋ የወጣው የማይንክራፍት የኮምፒውተር ጨዋታ የሰርቨር ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚወርድ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪ እንኳ በገዛ ኮምፒውተሩ ለባልንጀሮቹ ሰፊ ዓለም ሊከፍትላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ያ ዓለም ሰው የሚሰባሰብበት የሚሆነው፣ በቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ተጫዋቾቹን በአንድነት የሚያኖር ትጉህ መጋቢ ሲገኝ ነውና፣ ምስጋናዬ ለእርሱ ነው።

ይህ ሰው እንደ ጽዋ ማኅበር ሙሴ ያለ ደመወዝ ያገለግላል። የሰርቨሩን አድራሻ፣ 25565 የሚለውን የፖርት ቁጥርና የጨዋታውን ቨርዥን በአንድ መልእክት ጽፎ ፒን ያደርጋል፤ አዲስ ገቢውን ተቀብሎ ከተፈቀደላቸው ስሞች ዝርዝር ያስገባዋል፤ የሌላውን ቤት ያፈረሰውን ገሥጾ ያስታርቃል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን የሰዓቱን አጻጻፍ ነው፤ «ዛሬ ማታ 2 ሰዓት» ብሎ ሲጠራ፣ ባሕር ማዶ ያለው የአክስቱ ልጅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መስሎት እንዳይሳሳት፣ «በአዲስ አበባ 20:00» ብሎ ይጨምርለታል። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲቋረጥም፣ ተጫዋቾቹ ተጨንቀው ከመጠየቃቸው በፊት፣ «መብራት ሄዷል፤ ትናንት የሠራችሁት ባክአፕ አለው» ሲል በስልኩ ያጽናናቸዋል።

እርሱ ባይኖር፣ ድልድይ የጀመረው ወጣት ድንጋይ የሚያቀብለው አጥቶ ሥራውን በትኖ በሄደ፣ የተጣሉትም ሳይታረቁ በተለያዩ ነበር። ባክአፑን በሁለተኛ ዲስክ ለሚያኖረው መጋቢማ፣ ምስጋናው እጥፍ ድርብ ይሁንለት።